ጋላክሲ እያሉ እኔን

በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ፍሬ ቃል ጨምሬ እንደሆነ ቤይ ብሪጅ እኔ ስሻገር ይደርመስ። ባለቤቴ ውብዳር አጠገቤ ነበረች፤ እማኝ ናት።

ባለፈው እሑድ ሳን ሆሴ ውስጥ የአገር ልጆች ማኅበራችን የሊቀመንበር ምርጫ ነበር። ወንበሩ የእኔ መሆኑን ከኦክላንድ እስከ ጎረቤቷ ዳብሊን የማያውቅ የለም። ዳውንታውን ኦክላንድ ታክሲዬ ብቅ ስትል ቀይ መብራት እንኳ አፍሮ አረንጓዴ ይሆናል። በደንባችን አዳራሹ ውስጥ ያልተገኘ ሰው አይመረጥምና ማልጄ የፊት ወንበር ያዝኩ። ሲለምኑኝ እንደ ወጉ «ኧረ ለእኔ አይገባም» እያልኩ ትንሽ ላስቸግር፣ ከዚያ ልቀበል ነበር ሐሳቤ።

ከምርጫው በፊት ግን ጡረታ የወጡ የሥነ ፈለክ ምሁር፣ ዶክተር ጉዲና፣ ንግግር ያደርጋሉ ተባለ። ጠረጠርኩ። ምርጫና ኮከብን ምን አገናኛቸው? ይባስ ብሎ ፕሮጀክተሩን የሚሰካው ማቲዎስ ነው! ማቲዎስ ወንበሬን የሚመኝ፣ ከሲታ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛ ደግሞ አይታመንም።

«ጋላክሲ በገዘፈ ቁጥር ኮከብ የሚወልድበት ፍጥነት ይጨምራል» ብለው ጀመሩ ዶክተሩ።

ደረቴን ነፋሁ።

«ነገር ግን ያው ክብደት ያለው ጋላክሲ ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በፊት ከዛሬው እጅግ አብልጦ ይወልድ ነበር። በጣም የገዘፉትማ ቀድመው ወልደው፣ ጋዛቸው ግሎ፣ አብዛኞቹ አቁመዋል። ዛሬም መውለዱን ያልተዉት መለስተኞቹ ናቸው።»

ይህን ሲሉ ማንን አዩ? እኔን!

«ሰማሽ?» አልኳት ውብዳርን። «ገዝፎ ያቆመው እኔ፣ መለስተኛው ማቲዎስ!»

«ኧረ ተው፣ ስለ ሰማይ ነው የሚያወሩት።»

«የእኛ ሰው ስለ ሰማይ ካወራ ጎረቤቱን እየሰደበ ነው!»

ወዲያው ማቲዎስ ለዶክተሩ ውሃ አቀበላቸው። ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል?

ተነሣሁ። «ዶክተር፣ የእኔ ጋዝ አልጋለም!» ስል ድምፄ ፓስፊክን ተሻገረ። ሺህ ሰው በእልልታ አዳራሹን አናጋው። ዶክተሩ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። ማቲዎስ እንባውን እየጠረገ ራሱን አገለለ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ዛሬ ማቲዎስን ወንበሩ ላይ የምታዩት እኔ ለትሕትና ብዬ ስለተውኩለት ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ «በይ መስክሪ» ብዬ ለውብዳር ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«መነሣቱንስ ተነሥተሃል» አለች ቀስ ብላ። «ግን ወደ በሩ ነው የሄድከው፤ ትንፍሽም አላልክም። ዶክተሩ ያዩት ከኋላህ ያለውን የግድግዳ ሰዓት ነበር። ምርጫው ሲጀመር እኛ ወደ ቤት እየነዳን ሚልፒታስን አልፈናል።»

«እሺ፣ ብናልፍስ?»

«እህቴ ሶልያና እዚያው ቀርታ ስለነበር ነገረችኝ። መጀመሪያ እጁን አውጥቶ እጩ የጠቆመው ማቲዎስ ነው። የጠቆመውም አንተን። ስምህን ደጋግመው ጠሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ስትጠፋ ጊዜ አለፉህ።»