ባሳር ያልጮኸበት ቀን

"ውሻ ያዙ!"

ሳራንጌሬል ኩበት መከመሯን ትታ ቀና አለች። ጎረቤታቸው ጎምቦ ነው። ሞተር ብስክሌቱን ቁልቁለቱ ላይ አጥፍቶ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ እንደጫነ፣ ውሻው እስኪያዝለት ቆሞ ይጠብቃል። እኛ አገር ወደ ሰው ድንኳን ሲጠጋ እንዲህ ብሎ የማይጮኽ ወይ ሌባ ነው ወይ የከተማ ሰው።

ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተሰማም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ እንግዳ ዝም ብሎ አሳልፎ የማያውቀው ውሻቸው ባሳር፣ ከጋሪው ሥር አፍንጫውን እግሮቹ መካከል ቀብሮ ተኝቷል። ጎምቦ ጉሮሮውን ጠራርጎ ደገመ።

"ኧረ ውሻ ያዙ!"

ባሳር ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ሳራንጌሬል የምታደርገው ጠፋት፤ የምትገባበት ጉድጓድ ቢኖር ደስ ባላት። ይሄኔ የድንኳኑ በር ተከፈተና አማቷ ዱልማ ብቅ አሉ። የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው፤ ከምድጃው እስከ በሩ ለመድረስ እንኳ ሁለት ጊዜ "ኧረ ጉልበቴን" ይላሉ። አሁን ግን ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው እየተንገዳገዱ ሮጡና የውሻውን አንገት በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት።

"እለፍ! ይዤዋለሁ!" ብለው ጮኹ። "ቶሎ በል፣ ዛሬማ ሰይጣን ሆኗል!"

ባሳር ከእንቅልፉ ባንኖ አሮጊቷን ግራ ገብቶት አያቸውና ጅራቱን ወዘወዘላቸው። ጎምቦም ወግ አዋቂ ነው። ውሻው ሊዘነጥለው የደረሰ ይመስል በሩቁ ዞሮ፣ እየተጠነቀቀ ወደ በሩ አለፈ።

"አይ ባሳር! እንዳንተ ያለ ክፉ የት ይገኛል!" አለ እያለፈ።

ሳራንጌሬል እንባዋ መጣ። ሣሩ ከለመለመበት ጊዜ ወዲህ ስታፏጭለት ዞሮ አያያትም፤ "ነፋሱ ነው" እያለች ራሷን ስትሸነግል ከርማለች። ተኩላ የበላቸውንም ሁለት በጎች "ጠፉ" ብላ ነበር ለቤቱ የነገረችው። ጆሮው መድከሙን የምታውቀው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ለካ አማቷም ያውቃሉ።

ዱልማ ጨው ጣል ያለበትን የወተት ሻይ ቀዱ። ጎምቦ ፉት እያለ ስለ ሣሩ ጠየቀ፣ ስለ በጎቹ መስባት ጠየቀ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ። ወጉ ሁሉ ሲያልቅ ከመቀነቱ በላይ ካባውን ገለጥ አደረገ። ጥቁር አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያም ከሁለቱ ዓይኖቹ በላይ ሁለት ቡናማ ነጥብ ያለበት ድቡልቡል ቡችላ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ።

"አራት ዓይና ነው" አለ ጎምቦ። "ቁርጥ እናቱን።"

"ለከርሞ ነበር እኮ የተባባልነው ጋሼ ጎምቦ" አለች ሳራንጌሬል።

"ለከርሞ ነበር። ግን እናቱም አርጅታለች፤ ለከርሞ መውለዷን በምን አውቃለሁ? ይሄን ሊወስድ የነበረው ሰውዬ ቀረ። ነገ ደግሞ ከዋና ከተማው አንዱ ይመጣል። መኪና ማቆሚያ ሊያስጠብቀው ነው፣ በሰንሰለት አስሮ። ደህና ገንዘብ ይሰጠኛል። ከእናንተ የምፈልገው ያው የወጉን ነው፤ ለእናቱ አንድ ቁራጭ ላት።"

"ውሻ አለን" አሉ ዱልማ።

"አላችሁ እትዬ ዱልማ። ማን የለም አለ?"

"ታዲያ ምን አመጣህ? በቁሙ ተዝካሩን እንድናወጣለት ነው? አዲስ ውሻ የገባበት ቤት አሮጌው ብርዱን አይሻገርም። እናቴ ስትል ነው የሰማሁት።"

"የእርስዎ እናት እኮ ሞተር የገዛ ሰው ፈረስ አይበረክትለትም ይሉም ነበር።"

"ተሳሳተች? የታሉ ፈረሶችህ?"

ጎምቦ ሳቀ። ቡችላው የዱልማን የሱፍ ጫማ ጫፍ ማኘክ ጀምሯል። አሮጊቷ ጫማቸውን አልሳቡም፤ ግን ወደ ታችም አላዩም።

"ስሚኝ" አለ ጎምቦ ወደ ሳራንጌሬል ዞሮ። "ቡችላ ከሰው የሚማረው ነገር የለም። የት እንደሚተኛ፣ ተኩላ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በግ እንደማይነከስ የሚማረው ከውሻ ነው። ለከርሞ ብትወስዱ ማን ሊያስተም..." ዱልማን አየና ዓረፍተ ነገሩን ከሻዩ ጋር ዋጠው።

ሳራንጌሬል "ባሌን ልጠይቀው" ብላ ወጣች። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ነው። ዳምዲን ደቡብ በረሃ ውስጥ በከባድ መኪና የድንጋይ ከሰል ያመላልሳል፤ የሚመለሰው በረዶው ከጣለ በኋላ ነው።

"ለከርሞ አላልንም እንዴ?" አለ፣ የሞተር ድምፅ ከበስተጀርባው እየጮኸ። "በአሥር ቀን ውስጥ ድንኳኑን ነቅለሽ ወደ ብርድ ጊዜው ግጦሽ ልትሄጂ ነው። ሦስት መቶ በግና ፍየል አለሽ፣ እናቴ ጉልበቷ የለም። በዚያ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚያላዝን ቡችላ?"

"እሱስ ልክ ነህ።"

"ባሳር እንዴት ነው?"

ባሳርን ገና ሳይጋቡ፣ እሱ ራሱ በካባው አቅፎ ነበር ያመጣው። ለሚስቱ የደወለ ቀን ሁሉ ስለ ውሻው ሳይጠይቅ ስልኩን ዘግቶ አያውቅም።

"ደህና ነው" አለች።

"በቃ! እሱ ካለ ምን አሰጋሽ?"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ኮረብታው ላይ ቆመች። በራሷ ተናደደች፤ ውሸቷ ራሷኑ መልሶ ይዟታል። ባሳር ደህና ከሆነ ቡችላ ለምን ያስፈልጋል? ደህና አይደለም ብትል ደግሞ ያ ሰው በበረሃ መንገድ ላይ በምን አንጀቱ ይነዳል?

"ለከርሞ ይሁን ጋሼ ጎምቦ" አለች ስትመለስ፣ ዓይኑን ሳታየው። ጎምቦ አልተቀየመም፤ ቡችላውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሞተሩ ጋ ሲደርስ መቀነቱን ሊያጠብቅ ቡችላውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ባሳር ቀስ እያለ መጣ። አሸተተውና ከጉሮሮው ዝቅ ያለ ማጉረምረም አወጣ። ቡችላው በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን ሰጠ። ሳራንጌሬል ልትሮጥ ስትል ጎምቦ በእጁ አቆማት። ባሳር ጥቂት አሰበና አጠገቡ ዘፍ ብሎ ተኛ፤ ቡችላውም እየተሳበ አገጩ ሥር ገባ።

በዚህ መካከል ከሸንተረሩ ማዶ ፈረሰኛ ብቅ አለ። ገና ሩቅ ነው። ቡችላው ጆሮውን አቆመና ከባሳር አገጭ ሥር ወጥቶ ጮኸ፤ ጩኸት ከተባለ፣ የበር ማጠፊያ ሲንሲያጠጥ ይመስላል። ባሳር አልሰማውም። ነገር ግን ከአገጩ ሥር ያለው ሙቀት ሲርቀው ዓይኑን ገለጠ። ቡችላውን አየ። ቡችላው የሚያይበትን አየ። ከዚያ ተነሣና ያ የጥንቱ ድምፁ ሸለቆውን ሞላው፤ ፈረሰኛው ልጓሙን ስቦ መንገዱን ቀየረ።

ባሳር ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ቡችላው እግሮቹ መካከል ሆኖ መንሲያጠጡን ቀጠለ። ዱልማ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

ሳራንጌሬል ማንንም ሳታናግር በአጠገባቸው አልፋ ገባች። ሣጥኑን ከፍታ ለአዲስ ዓመት የተቀመጠውን የበግ ላት አወጣችና ከጫፉ መዳፍ የሚያህል ቆረጠች። ዱልማ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ላት ነው እማዬ። ለእናቱ።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ።"

አሮጊቷ ቁራጩን በጣታቸው ገፋ አድርገው አዩት።

"ልጇን ለምትሰጥ እናት ይሄ ነው የሚላከው? እንዴት ያለሽ ቆንቋና ነሽ!"

ሳራንጌሬል ዞራ አየቻቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ዳምዲንንስ ምን እለዋለሁ? ደህና ነው ብዬዋለሁ እኮ።"

"እኔ እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት ኮረብታው ላይ አብረን እንወጣለን።"

"በዚህ ጉልበትዎ?"

"ወደ ውሻው ስሮጥ አላየሽኝም?" አሉ ዱልማ።

ሳራንጌሬል ቢላዋውን አነሣችና ላቱን ከመካከሉ ለሁለት ከፈለችው።