ባሕሩ ወጣ ያለ ዕለት

ሐጂ ኡመይር መተማ ዮሐንስ ላይ «ባሕር ያየ ሰው» የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። በንግድ ፖርት ሱዳን ድረስ ወርደዋል፤ ለሐጅም ጅዳ ተሻግረዋል። ስለዚህ ስኮትላንድ ውስጥ ባንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው ሩፊዳ «አባባ፣ እማማን ይዘው ይምጡ፤ ባሕሩ ዳር ላዝናናችሁ» ብላ የጉዞውን ጣጣ ስትጨርስ፣ ሱቃቸው በር ላይ ለተሰበሰበው ሰው ስለ ባሕር ማስረዳት የሳቸው ሥራ ሆነ።

«ባሕር ማለት እንደ ጓንግ ወንዝ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚጎድል አይደለም» አሉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሁልጊዜ ባለበት ነው። ቦታውን አይለቅም።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ባሕር አይተው አያውቁም፤ ከመተማ ራቁ ከተባለ ጎንደር ድረስ ነው። ክርክሩ ውስጥ ሳይገቡ ሰሊጥ ቆልተው፣ በቀለጠ ስኳር አጣብቀው፣ ሲምሲሚያ ሠርተው የሻንጣውን ግማሽ ሞሉት። «የልጄን ጎረቤቶች ባዶ እጄን አላይም» አሉ።

ከተማዋ በገቡ ዕለት ሩፊዳ እራት ላይ ሐሳቧን ነገረቻቸው። ገደል አፋፍ ላይ የቆመውን የጥንት ግንብ ያያሉ፤ ለመርከብ መብራት የሚያበራው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወደቡ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የዓሣ ጥብስ ይበላሉ። «ነገ ግን እስከ ከሰዓት ሥራ አለብኝ። ወደቡ እዚሁ ታች ነው፤ እስክመጣ ወረድ ብላችሁ ተንሸራሸሩ።»

በማግስቱ ሐጂ በጀለቢያቸው ላይ የልጃቸውን ወፍራም ካፖርት ደርበው፣ ወይዘሮ ዘምዘም ሁለት ሹራብ ለብሰው ከላይ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶባቸውን ተጠቅልለው፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘው ወረዱ። ወደቡ አለ። ጀልባዎቹም አሉ፤ ግን ጎማው እንደተነፈሰ ትራክተር ጭቃ ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ተኝተዋል። ውሃ የለም። እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ ባሕሩ የታለ?»

ሐጂ ግራ ቀኙን አዩ። ካፖርታቸውን አስተካክለው «ወጣ ብሏል» አሉ።

ወይዘሮ ዘምዘም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ገቡ፤ ዛጎል እየለቀሙ በቶባቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከፊት ለፊት አናቱ ላይ ሣር የበቀለበት ትልቅ ዓለት ነበር። እዚያ ወጥተው ተቀመጡና ሻዩን ቀዱ።

ጥቂት እንደቆዩ አንድ ሽማግሌ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ከወደቡ በኩል እየሮጡ መጡ።

«አየሽ ደግ ሰው!» አሉ ሐጂ ተነሥተው። «ከዚያ ድረስ ሰላም ይለናል። ተፈደል! ተፈደል!» በዐረብኛ «ይምጡ፣ ይጋበዙ» ማለታቸው ነበር።

ሽማግሌው እያለከለኩ «ታይድ! ታይድ!» አሉ፣ ወደ ባሕሩ እየጠቆሙ።

የሐጂ እንግሊዝኛ ከትራክተር ጋራዥ የተለቀመ ነው። «ታይት ይላል፤ ጠበቅ አድርጉ ማለቱ ነው።»

«ምኑን ነው የምናጠብቀው?»

«ልብሱን ነዋ! ብርዱን ፈርቶልን ነው» አሉና ካፖርታቸውን ቆለፉ። ከዚያ የሰውዬውን ክንድ ይዘው በግድ አስቀመጧቸው። «ኖ ፕሮብሌም። ሲት! ሲት!»

ኬነት የሚባሉት እኒህ ሰው እንቢ ለማለት ሞከሩ። ሻይ ግን እጃቸው ገብቷል፤ ሲምሲሚያም ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። ለይሉኝታ ያህል ቆረስ አደረጉ። አላመጡት፤ ቅንድባቸው ከፍ አለ። ሁለተኛውን ራሳቸው አነሡ። ሦስተኛው ላይ ስልካቸውን አውጥተው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ለወይዘሮ ዘምዘም እያሳዩ ነበር።

«ሐጂ፣ የመጣንበት መንገድ ረጥቧል» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም።

«ድሮም እርጥብ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ።»

«ኧረ ውሃ ነው! ይኸውልዎ፣ ይሄዳል!»

ኬነት ዞረው አዩና ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ዓለቱን ባሕር ከቦታል።

ሐጂ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ሮድ ፊኒሽ?»

«ፊኒሽ» አሉ ኬነት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ውሃው የዓለቱ አናት ላይ እንደማይደርስ በእጃቸው ወደ ዓለቱ ወገብ እየጠቆሙ አሳዩ፤ ስልክም ደወሉ። ሐጂ ልባቸው ሲመለስ የዙሁር ሰላት ሰዓት መድረሱን አስተዋሉ። «መካ?» ብለው ሲጠይቁ ኬነት ስልካቸው ላይ አቅጣጫውን ፈልገው ጠቆሙላቸው። ሰግደው እስኪጨርሱም ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

የነፍስ አድን ጀልባው መጣ። የምትነዳው ወጣት ኬነትን ስታይ መሪውን ልትለቅ እስክትደርስ ሳቀች። ምክንያቱን ኋላ ያስረዳቻቸው ሩፊዳ ናት፤ «ታይድ» ማለት በየቀኑ ሸሽቶ የሚመለሰው የባሕር ውሃ ነው፤ ለካስ ውሃው ሳይመጣ እንግዶችን ከዚያ ዓለት እየጠሩ የሚያስወርዱት ሰው ራሳቸው ኬነት ኖረዋል። እዚያ ሲቀሩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

ሩፊዳ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። መቆጣቷም መሳቋም ተደባልቆባት ነበር። «አባባ፣ ምን ሆናችሁ ነው? በድንጋጤ ልትገድሉኝ!»

«ምንም አልሆንን። እንግዳ መጥቶብን ነው የቆየነው» አሉ ሐጂ፣ ጀልባው ላይ ሲወጡ የራሰውን ጀለቢያቸውን እየጨመቁ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ሰው ወንበር ይለቅላቸዋል፤ ግንቡን የሚያስጎበኘው ሰውዬ «ታይድ!» ብሎ ይቀልድባቸዋል። ማማው ላይ ሲወጡ ሐጂ ወደ ታች አይተው ግማሽ ደረጃ ላይ ቀሩ፤ ወይዘሮ ዘምዘም ከላይ ሆነው ስማቸውን ጠሩ።

ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ኬነት ከነሩፊዳ በራሳቸው ጀልባ ይዘዋቸው ወጡ። ራቅ ካለ ደሴት ላይ እንደ ውሻ የሚጮኹ ወፋፍራም የባሕር እንስሳት ተጋድመው ነበር፤ ወይዘሮ ዘምዘም እያንዳንዳቸውን በእጃቸው ሰላም አሏቸው። ሲመለሱ ኬነት ከመሪው ፈቀቅ ብለው በእጃቸው ጋበዟቸው። ወይዘሮ ዘምዘም ቶባቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና መሪውን ያዙ።

ጀልባዋ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ካለች በኋላ ቀጥ ብላ ማዕበሉን መቁረጥ ጀመረች። የረጨው ውሃ ፊታቸውን ሲመታው ወይዘሮ ዘምዘም እንደ ልጅ ጮኹ።

«አንቺ ሴት! ቀስ በይ እንጂ!» አሉ ሐጂ፣ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

ወይዘሮ ዘምዘም አልሰሙም። ሩፊዳን «ይቺ ነገር ከዚህ በላይ አትሮጥም ወይ? እስቲ ጠይቂልኝ» እያሉ ነበር።