የሹንጂ ድንጋይ ዋጋ

ፉሳኮን የሳካይ ከተማ ሰው «ኩራቷ እራቷ» ይላታል። ሐሜት ብቻ አይደለም፤ ግማሹ አድናቆት ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጎረቤት አንድ ዕንቁላል ብትበደር ሁለት ትመልሳለች፤ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ያያት ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ከአፏ ባመለጠ ቃል የሰፈሩ መነጋገሪያ ስትሆን ማንንም አልደነቀም።

ነገሩ የተጀመረው ባሏ ሹንጂ በሞተ በሰባተኛው ቀን ነው። ሹንጂ ቢላ ቀጥቃጭ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በታላቅ ወንድሙ በሃጂሜ ምድጃ ፊት ቆሞ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሯል። ከኦሳካ እስከ ኪዮቶ ዓሣ የሚበልት ሁሉ «የሃጂሜ ቢላ» እያለ የሚምልበት ቢላ ከዚያ ምድጃ የወጣ ነው፤ የሚመታበት ማኅተም የሃጂሜ ነዋ። በወጉ ቤቱም፣ ምድጃውም፣ ስሙም፣ የቤተሰቡ መቃብርም የበኩር ልጅ ነው። ሁለተኛ ልጅ መቃብሩን ራሱ ይፈልግ። ሹንጂና ፉሳኮ ደግሞ ልጅ አልወለዱም፤ መቃብር ቢገዙም አረሙን የሚነቅልላቸው አልነበረም።

ፉሳኮ ግን ሌላም ነገር ታውቅ ነበር። ሃጂሜ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በስሙ ከወጣው ቢላ አንዱንም እሱ አልሠራውም፤ ሁሉም የሹንጂ ነው። ይህን አፍ አውጥታ ልትናገር በተነሣች ቁጥር ሹንጂ እየሣቀ ያስቆማት ነበር። «ቢላው ከቆረጠ ስሙ ምን ያደርጋል?» ይላታል። እሷም እህህ እያለች ትውጠዋለች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው እያለች ግን ለብቻዋ ስታጉረመርም ሃያ ዓመት አለፈ።

እና በሰባተኛው ቀን ጸሎት ላይ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሃጂሜ ሚስት ሚኔኮ ሻይ እየቀዳች፣ «አይዞሽ ፉሳኮ፣ በእኛ መቃብር ጥጉ ላይ ቦታ እንሰጠዋለን። የት ይውደቅ?» አለቻት። ከአንገት በላይ ይሁን ከልቧ አይታወቅም። ፉሳኮን ግን ያቺ «የት ይውደቅ» የምትለው አሳረረቻት።

«እትዬ ሚኔኮ፣ ባሌ በቁሙ ተቀጣሪያችሁ ነበር። ሞቶ ደግሞ ጥገኛችሁ አይሆንም» አለች።

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«አልማዝ።»

ሬሳው ሲቃጠል በሚጠብቁበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አይታ ነበር። የሟች ዐመድ በእሳትና በከባድ ጫና ተጨምቆ አልማዝ ይሆናል ይላል። ካየችው ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አስባው አታውቅም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን ፉሳኮ ናትና ወደ ኋላ አላለችም፤ «ግማሽ ካራት» ብላ ጨመረችበት። ምን እንደሚያህል ሲጠይቋት ምስር ያህላል አለች፤ እሷም ይህን ያወቀችው ከማስታወቂያው ሥዕል ነው።

ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የምትሸጠው ሺኖ፣ «ባልሽ በሕይወት ሳለ ቀለበት አላጠለቀልሽም፤ አሁን ራሱ ሊጠልቅልሽ ነው» እያለች ስትስቅ ሰነበተች። ፉሳኮ ስቃ አለፈቻት። በእጇ የነበረው ገንዘብ ለመቃብር ድንጋይ ያስቀመጠችው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የቢላ እጀታ ስትገጥም ያጠራቀመችው። ግማሽ ካራቱ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ የን ይጠይቃል። ግማሹን ቀብድ ከፍላ ፈረመች። ሰው «እብደት ነው» ሲላት፣ የበኩሩ ቤት ሰዎች በግራናይት ከተኙ የእኔ ሰው በአልማዝ ይተኛል ትላለች። እንዲህ ስትል ልቧ ሞቅ ይላት ነበር።

የሐዘኑ አርባ ዘጠኝ ቀን አልፎ የአልማዙ ድርጅት ሠራተኛ ከቶኪዮ መጣ። ናጉሞ ይባላል፤ ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ ጎንበስ ቀና የማይሰለቸው ወጣት ነው። የሹንጂ ዐመድ ያለበትን ነጭ የሸክላ ዕቃ በሁለት እጁ ተቀብሎ ከፈተው፣ ተመለከተ፣ ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ይቅርታ እማማ፣ ቀሪው የት ነው?»

«የምን ቀሪ?»

ነገሩ የገባቸው ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ነው። በቶኪዮ በኩል የሟች አጥንት እስከ ብናኙ ተጠርጎ፣ በትልቅ ዕቃ ሞልቶ ለቤተሰብ ይሰጣል። በሳካይ በኩል ግን ዘመድ በመመገቢያ እንጨት ከእግር ጀምሮ ወደ ራስ ትንሽ ትንሹን ይለቅማል፤ ትንሿ ዕቃ ስትሞላ ይበቃል፤ የቀረው እዚያው ይቀርና ከሌሎች ሟቾች ጋር ባንድ ላይ ይቀበራል። ናጉሞ ወደ ሳካይ በኩል ለሥራ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፉሳኮም ሰው ሁሉ እንደ ሳካይ ሰው የሚቃጠልና የሚለቀም ይመስላት ነበር። አንዱም ጠይቆ አላወቀም።

ናጉሞ መዘነው። ለግማሽ ካራት ከእፍኝ ትንሽ ያነሰ ይጎድላል፤ በዚህችው ልክ የሚሠራው ትንሹ ብቻ ነው፣ ሰሊጥ የምታህለው። ላቡ ጠብ እያለ፣ ከፈለገች የጎደለውን ድርጅቱ ከሌላ ካርቦን ሊሞላው እንደሚችል ነገራት።

«ልጄ፣ ሹንጂን ይዤ ስንት ዓመት ኖሬ፣ አሁን በስተርጅና የማላውቀውን ሰው በጣቴ ላዙር?» አለችው።

ናጉሞ እንደ መሣቅ ብሎ ተወው። ከዚያ ሌላ ቦታ የተቀመጠ አጥንት እንዳለ ጠየቃት።

አለ። በለቀማው መጨረሻ ላይ የሚነሣው የጉሮሮ አጥንት ነው። ቅርጹ ቡድሃ ለጸሎት የተቀመጠ ይመስላልና ከሁሉ ይከበራል፤ ከራስ ቅል ስብርባሪ ጋር ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይቀመጥና ተራራው ላይ ወዳለው ትልቁ ገዳም ይላካል። ማንሣት የነበረባት ሚስት ናት። ሃጂሜ ግን ያን ቀን ማንንም ሳይጠይቅ እጁን ዘርግቶ፣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶቹ ሁለት ጊዜ አምልጦት በሦስተኛው ራሱ አነሣው። ዕቃውንም በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ፤ የበኩሩ ቤት ይልከዋል ተባለ። ፉሳኮ ያን ጊዜ ጥርሷን ነክሳ ዝም ብላ ነበር።

ምናልባት ገና አልተላከ ይሆናል። ካልተላከ ሄዳ መለመን አለባት። ናጉሞ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ቶኪዮ ሊመለስ ነው፤ እስከዚያ እጠብቅዎታለሁ አላት።

ፉሳኮ ያን ቀን እራት አልበላችም። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት አንድ ነገር ለምና አታውቅም። ሹንጂ ታሞ በተኛ ጊዜ እንኳ ሚኔኮ የላከችውን ሾርባ ሳህኑን አጥባ፣ በላዩ ዓሣ አስቀምጣ መልሳለች። አሁን ዓይኗን በጨው አጥባ ሄዳ፣ በሚኔኮ ፊት ተንበርክካ «ስጡኝ» ልትል ነው። ካልሄደች ደግሞ ምስር ያለችው ሰሊጥ ሊሆን ነው፤ የሰፈሩን አፍ ማን ይችለዋል? ለሹንጂ ክብር ብላ ነው የምትሄደው ወይስ ለራሷ ክብር? እሷም አልለየችውም። ብቻ ባሏን ሙሉ ሆኖ ማየት ፈለገች። በሕይወቱ ስሙን ቆርሰው ወሰዱት፤ ሞቶ ደግሞ ጉሮሮውን።

ጠዋት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ የቀይ ባቄላ ጣፋጭ በካርቶን ይዛ ሄደች። ሚኔኮ በሩን ከፍታ ካየቻት በኋላ ካርቶኑን አየች።

«የአልማዝ እመቤት መጣች። ምን ጎደለሽና ነው?» አለች።

ፉሳኮ ከጋሼ ሃጂሜ ጋር ጉዳይ አለኝ ብላ ገባች።

ሃጂሜ ሰማንያ ዓመቱ ነው። በቤቱ የጸሎት ሣጥን ፊት ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፉሳኮ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች፣ ሁለት እጇን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች፣ በመንገድ ስታጠናው የመጣችውን ተናገረች። «ጋሼ ሃጂሜ፣ የሹንጂን ጉሮሮ እንዲመልሱልኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት» አለች። የዐመዱን ማነስና የናጉሞን መጠበቅም አስረዳች። ከዚያ አንገቷን ልትደፋ ስትል ሽማግሌው ቀደማት። ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አሳረፈ።

ሚኔኮ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። የቤቱ በኩር ለታናሽ ወንድሙ ሚስት ሲሰግድ እንኳን እሷ አያቶቿም አላዩም።

«አልላክሁትም» አለ ሃጂሜ፣ ግንባሩን ሳያነሣ። «እዚህ ነው፣ ከሣጥኑ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት አነጋግረዋለሁ። ስሞት ከእኔ ጋር እንዲቀበር ብዬ አስቀረሁት።»

ፉሳኮ ወደ ሣጥኑ አየች።

«ሃያ ዓመት በስሜ የወጣውን ቢላ ማን እንደሠራው አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ሰው እኔን ሲያመሰግን እሱ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረም። እኔ ልናገር እያልሁ ነገ ከነገ ወዲያ ስል ቀደመኝ። ጉሮሮውን ያነሣሁት ለዚያ ነው። ላንቺ የሚገባ ነበር፣ ሳልጠይቅሽ ወሰድሁት። አሁን ልጠይቅሽ። ተይልኝ፣ ፉሳኮ።»

ሚኔኮ የሻይ ማቅረቢያውን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ከባሏ ጎን ተንበርክካ እሷም አጎነበሰች። ያየችውና የሰማችው ገና ሙሉ በሙሉ የገባት አይመስልም ነበር፤ ግን አጎነበሰች።

ፉሳኮ ይህችን ቀን አርባ አንድ ዓመት ስታልማት ኖራለች። በሕልሟ የምትመልሰው መልስ ነበራት፤ ስንት ጊዜ ሰሐን እያጠበች፣ እጀታ እየገጠመች አሰማምራዋለች። አሁን አንዱም አልመጣላትም። የመጣው ኩራት ነው፣ ያውም እንደዚያ ዓይነቱን ቀምሳው የማታውቀው። በቁሙ ጥግ ያልተሰጠው ባሏ፣ ሞቶ ሽማግሌ ግንባሩን መሬት አስነክቶ እንዲቀርለት የሚለምነው ሆነ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልጠረገችውም።

«ቀና ይበሉ፣ ጋሼ። ጉሮሮው እዚሁ ይቀመጥ» አለች።

«አልማዝሽስ?»

«በተረፈኝ አሠራዋለሁ። ግን ጥግ ላይ እንዳይሆን። ከእርስዎ እኩል ይተኛ።»

«ከእኔ እኩል» አለ ሃጂሜ። ቀና ብሎ፣ ፊቱን በእጁ ጠርጎ ጨመረበት። «ለሰውም እናገራለሁ። የቀጥቃጮቹን ማኅበር ሰብስቤ፣ ቢላው የሹንጂ ነው ብዬ እናገራለሁ።»

ፉሳኮ ይህን ለመስማት ሃያ ዓመት ስትራብ ኖራለች። አዎ ብትል ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አብሳዮቹ ያውቃሉ፤ ሺኖም ታውቃለች። ይህ ሽማግሌ ግን በቀረችው ዕድሜ ደጁን ከፍቶ መውጣት አይችልም። ሹንጂ ይህን ቢፈልግ ኖሮ ሃያ ዓመት ጊዜ ነበረው።

«አይናገሩ» አለች። «እሱ የዋጠውን እኔ አላስተፋውም። እኔ ከእርስዎ አፍ ሰምቻለሁ።»

ስትወጣ ሚኔኮ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። የምትለው የጠፋት ሰው ትመስል ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ፀሐዩ ከረር ብሏል፣ በጥላው በኩል ሂጂ አለቻት።

ናጉሞ ውሉን አስተካከለላት። ትንሿ አልማዝ አራት መቶ ሺህ የን ናትና የቀረው ገንዘብ ተመለሰላት። ድንጋይዋ በመከር መጣች፣ ከቀለበት ጋር ተገጥማ። ወደ ሰማያዊ ያደላል መልኳ። ናጉሞ የሁሉም አንድ ዓይነት አይወጣም፣ ቀለሙን የሚመርጠው ሟቹ ነው ብሎ ያስረዳት ጀመር፤ ፉሳኮ ግን እየሰማችው አልነበረም። ቀለበቱን አጥልቃ ጣቷን አንዴ አጠፍ አንዴ ዘርጋ ታደርግ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ሺኖም መጣች፤ ሚኔኮም ከኋላ ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ተቀባብለው አዩ። መነጽር የተበደረችም ነበረች።

ሺኖ አንገቷን አስግጋ አየችና አየችና፣ «ምስር አላልሽንም ነበር እንዴ? ይቺማ ሰሊጥ ናት። ሌላውን ሹንጂ የት ጣልሽው?» አለች።

ሳቅ ሆነ። ከሚኔኮ በቀር ሁሉም ሣቁ። ሚኔኮ ዓይኗን ፉሳኮ ላይ ተክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣብቃ ቀረች። አንድ ቃል ከፉሳኮ አፍ ቢወጣ የቤቷ ስም አፈር ነው። ፉሳኮ ይህን አየች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያን ያህል ጣፋጭ መልስ በዕድሜዋ ይዛ አታውቅም። ሹንጂ ስንት ጊዜ እንዲህ ተቀምጦ፣ ይህንኑ በአፉ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት። ምን ዓይነት ሰው አግብታ እንደነበር አሁን ገና ያወቀች መሰላት።

«ለመሆኑ ለዚች ስንት አስከፈሉሽ?» አለች ሺኖ፣ ገና እየሣቀች።

ፉሳኮ እጇን ከሴቶቹ መሐል መለሰች። አንገቷን ቀና አደረገች።

«ውድ ናት» አለች፣ እሷም እየሣቀች። ከዚያ ተነሥታ፣ ሻዩን መጀመሪያ ለሚኔኮ ቀዳች።