መጨረሻውን ንገሪኝ

ወዳጆቼ፣ እስቲ ስለ አንድ አባት ላጫውታችሁ። ዕድሜ ልኩን ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። ያላየውን ፊልም መጨረሻ የሚነግረው ከመጣ፣ እንግዳም ቢሆን ከቤቱ ያስወጣዋል። ዘንድሮ አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ዓመቱን እንደማይሻገር ለሚስቱ ብቻ ነገራት፤ እሷም ከፈጣሪዋ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም።

አንድ ቀን ፊልም ሠሪ ልጃቸው መጥታ፣ በሚመጣው ዓመት ስለሚወጡት ፊልሞች ታወራለት ጀመር።

«የኔም ይወጣል፣ አባዬ። ፊተኛው ወንበር ያንተ ነው፤ ብቻ እንዳታንኮራፋ።»

ሳቀ። ከዚያ እጇን ያዘና፣ «የኔ ልጅ፣ መጨረሻውን ንገሪኝ» አላት።

እናቷ ሾርባውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ለካ ያውቃል።

ልጅቷ እንባዋ እየቀደማት ነገረችው።

አደራችሁን፣ ሲኒማ ቤት ስትገቡ እሱን በጸሎታችሁ አስቡት።