በር የዘጋችው ምራት

ደብሬ ከአበርገሌ ቆላ ወደ ደሃና ደጋ ከተዳረች ገና ዓመት አልሞላትም። ባሏ እንግዳው ለሰሊጥ አረም ወደ ሁመራ ስለወረደ፣ በ1995 ዓ.ም. ክረምት ቤት የቀሩት እሷና የባሏ አባት አያ ቅጣው ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን በአገሩ ወግ ምራት በአማቷ ፊት ዓይኗን ሰብራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትኖረው። ደብሬም ከ«አቤት» እና ከ«እሺ» ያለፈ ብዙ ተናግራቸው አታውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ ቀድሞ ደረሰ። ከታች ያለው ጎረቤት ቤቱን አዲስ ያለበሰው ቆርቆሮ ተገንጥሎ በገብሱ ማሳ ላይ ሲንከባለል ታየ። ወዲያው በረዶው ወረደ።

ደብሬ ጥጃዋን ጎትታ አስገባች። ነፋሱ ፍም አንስቶ የሣር ክዳኑ ላይ ቢጥል ቤቱ እንዳለ ይነዳልና፣ ምድጃው ላይ ውሃ ደፋችበት። በሩን ዘግታ በመወርወሪያ ቆለፈችና የገብስ ጆንያ አስደገፈችው።

አያ ቅጣው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን አነሡ።

«ወይኖን ወይራው ሥር አስሬው ነው የመጣሁ። ሄጄ ልፍታው።»

ወይኖ የእርሻ በሬያቸው ነው። ደብሬ በሩ ላይ ቆመች።

«አይወጡም፣ አባቴ።»

ሽማግሌው የሰሙትን አላመኑም። «ምን አልሽ?»

«አይወጡም አልኩ። የእናቴ ወንድም እንዲህ ባለው ቀን ፍየሎቹን ይዞ ዛፍ ሥር ተጠለለ። መብረቅ ከነፍየሎቹ ጨረሰው። ሬሳውን ሲያመጡት አይቻለሁ።»

«ያለ በሬ በምን ልናርስ ነው?»

«በሬ ተጋግዘንም እንገዛለን። እንግዳው ሲመለስ አባቴ የት አለ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ። ጀርባዋን ከበሩ አላላቀቀችም። ገፍተው ሊያልፉ ይችሉ ነበር። ፊቷን ትክ ብለው አዩት፤ እስከዚያ ቀን በደንብ አይተውት አያውቁም። ከዚያ ዱላቸውን አስቀመጡ።

«ከምሰሶውና ከግድግዳው ራቅ ይበሉ» አለችና በሁለቱ መካከል ወለሉ ላይ ቁርበት አነጠፈችላቸው።

ብዙም ሳይቆይ በበሩ ስንጥቅ ነጭ ብርሃን ገባ፤ ድምፁም አብሮት መጣ። ከክዳኑ ጥላሸት ረገፈ፤ ጥጃዋ ጮኸች። ሽማግሌው ሊነሡ ሲሉ ደብሬ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ነጎድጓዱ ተራራውን ተሻግሮ እስኪርቅ ድረስ በሩን አልከፈተችም።

ሲወጡ ወይራው ከጫፍ እስከ ሥሩ ተሰንጥቋል። ወይኖ ከነገመዱ ወድቋል። አያ ቅጣው አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ቀንዱን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ። ገመዱ የታሰረበት ግንድ፣ እሳቸው ሊፈቱት ቢወጡ ኖሮ ይቆሙበት የነበረው ቦታ፣ ከስሏል። ቀና ብለው ግንዱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ደብሬም ተቀይመውኝ ነው ብላ ፈራች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ቅጣው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በተቀመጡበት ሰዎች ከበቧቸው። «እግዜር ይተካልዎ» አሏቸው።

አያ ቅጣው ተነሥተው ቆሙ። «ስለ በሬዬ ስላዘናችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ከሴቶቹ መሀል ያለችውን ልጄን እዩልኝ። በገዛ ቤቴ በር ዘግታ አስቀረችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ የደፈረኝ ሰው የለም። ዛሬ ቆሜ የማወራችሁ በእሷ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ደብሬ ዞረ። ነፋሱ ቆርቆሮውን የወሰደበት ጎረቤት ሚስት አመተ ማርያም «እስቲ ምን ምን እንዳደረግሽ ንገሪን» አለቻት። ደብሬ ስለ እሳቱ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ዛፉ ነገረቻቸው። ድምፅዋ ወንዶቹ እስከተቀመጡበት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ዝቅ አላደረገችውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያ ቅጣው እንደ ልማዳቸው ቀድመዋት አልሄዱም። ጎን ለጎን ሆነው፣ መንገድ ላይ ሰው ባገኙ ቁጥር ቆም እያሉ «ልጄ ናት፤ የአበርገሌ ልጅ» ይሉ ነበር። ደብሬም አንገቷን ሳትደፋ አጠገባቸው ትቆማለች።