የሚያፈሰው ገንዳ

ፀደይ የደወለችልኝ በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ላሊበላ ውስጥ ቧንቧ እሠራለሁ የምንል ሦስት ሰዎች ብንሆን ነው፤ ወልድያ ወርዶ ሙያውን በትምህርት ቤት የተማረው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። «ምስጋኑ፣ ጃኩዚ ታውቃለህ?» ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ፀደይ የየኔታ ጽጌማርያም ልጅ ናት። ከከተማው ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሆቴሉ ሲታደስ ከአንድ ክፍል ያወጡትን የሙቅ ውሃ ገንዳ ሊጥሉት ሲሉ ለምና ወሰደችው። አምስት ሸክመኞች በዚያ ቁልቁለት እየተንገዳገዱ አምጥተው አባቷ ግቢ ጣሉላት።

የኔታ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ዛሬ በላስታ አድባራት ማኅሌት ከሚቆሙት መሪጌቶች ብዙዎቹ እሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ነው የተማሩት። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው ጠዋት ለማስተማር የሚሄዱ ሰው ነበሩ ይባላል። ፀደይ ከመደወሏ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ግን ቁርጥማት ያዛቸው። መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ትከሻቸውን፣ በመጨረሻ የጣቶቻቸውን መገጣጠሚያ ሁሉ አሠረው። ጸናጽል መጨበጥ አቃታቸው። ጠበል ተመላለሱ። ደሴ ድረስ ተወስደው ታዩ። ሐኪሙ ለፀደይ፣ «መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድናቸውም። በየቀኑ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው ቢቆዩ ግን ሰውነታቸው ይላላል» አላት። የኛ አገር ቤት ደግሞ ብርድ እንጂ ሙቅ ውሃ የት አለው? ገንዳውን ስታይ ልቧ የቆመው ለዚህ ነው።

ስደርስ ገንዳው ግቢው መሃል ተደፍቶ ነበር። ነጭ፣ ክብ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ነው። በካቻቢቴዬ እያንኳኳሁ ዙሪያውን ዞርኩት። ከውሃ መውረጃው ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ መቀመጫው ሥር የሚሄድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ከኔ በፊት የነካካው ሰው አለ፤ ሁለት ቦታ ተለጥፎ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተለጥፏል። ሆቴሉ ለምን እንደሚጥለው ያኔ ገባኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሥሩ ከተሰነጠቀ አበቃለት። ውሃ ሲሞላ ይለጠጣል፣ ሲጎድል ይሰበሰባል፤ የለጠፉበት ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ይለቃል። ይህን አውቅ ነበር።

ልናገር ቀና ስል የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«እህሳ ልጄ፣ ይሠራል?» አሉኝ።

ፀደይ በሩን ተደግፋ ፊት ፊቴን ታየኛለች። ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ፣ እጇ በጭቃ ተለውሶ።

«ይሠራል የኔታ» አልኩ።

ስንጥቁን በሲሊከን ደፍኜ፣ የመውረጃውን ጎሚኒ ቀይሬ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው ደልዳላ ቦታ አስቀመጥነው። የራሱን ማሞቂያ የኛ መብራት ጉልበት አይችለውም ነበርና ውሃውን በበርሜል ባሕር ዛፍ እያነደድን አሞቅነው። ሦስት በርሜል ይፈጃል። ኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ እኔና ፀደይ ብብታቸውን ደግፈን የኔታን ከነእጀ ጠባባቸው አስገባናቸው።

ውሃው ደረታቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ደንግጬ «የኔታ?» ብል «ዝም በል» አሉኝ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከውሃው አወጡ። ጣቶቻቸው ተፍታተዋል። ፈጽመው አልቀኑም፣ ግን ተፍታተዋል። በዚያ እጅ አየሩን ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ለተማሪ ዜማ ሲያሳዩ እንደሚያደርጉት። ድምፃቸውም አብሮ ወጣ፤ ሻካራ ነው፣ ግን አልተሰበረም። እንጨት ልትጨምር ጎንበስ ያለችው ፀደይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ከአጥሩ በታች የሚኖሩት የጎረቤታቸው የእትዬ ውባንቺ እልልታ ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ፀደይ ደወለች። «ውሃው ግማሽ ሆኗል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ገንዳ ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ ሲሊከኑን ፍቄ አነሣሁና በማስቲሽ ለጠፍኩት፤ ስምንት ቀን ያዘ። ቀጥሎ ውሃውን የሚያናውጠው ሞተር ቱቦ ከመጋጠሚያው ማንጠባጠብ ጀመረ። ሞተሩን ነቅዬ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፈንኳቸው። ውሃ ማናወጡ፣ አየር መንፋቱ ሁሉ ቀረና እንዲሁ ሰፊ ሣፋ ሆነ። ለየኔታ ግድ አልሰጣቸውም። እሳቸው የፈለጉት ሙቀቱን ነው። አንዱን ስደፍን ሌላው ይከፈታል። የተሰነጠቀበት ሥሩ ላይ ስለሆነ በየጊዜው ባዶ አድርጎ መገልበጥ፣ ማድረቅ፣ እንደገና መትከል ነው። በየመሃሉ የኔታ ሳይታጠቡ አራት ቀን፣ አምስት ቀን ካለፈ ጣቶቻቸው ተመልሰው ይጨማደዳሉ።

ውሃ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። በእነሱ ሰፈር ቧንቧው በዘጠኝ ቀን አንዴ ቢመጣ ነው። የፈሰሰውን ለመተካት ፀደይ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጀሪካን ይዛ ምንጭ ትወርዳለች። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሽ አገኘኋትና ጀሪካኑን ተቀበልኳት።

«በባሕር ዳር አንድ ሆቴል ሥራ አግኝቼ ነበር» አለችኝ ስንሄድ። «አልመጣም አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ማን ያሞቅላቸዋል?» አለች።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። ይልቁንም ደሴ ለሚመላለስ አብዱልሀሚድ ለሚባል የአይሱዙ ሾፌር ደውዬ፣ ጋራዦች የመኪና አካል የሚጠግኑበትን ፋይበርና ማጣበቂያውን እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ጋሸና ድረስ ወጥቼ ተቀበልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አፍንጫዬን በጨርቅ አሥሬ፣ ሽታው ራሴን እየበጠበጠኝ፣ ስንጥቁን ከውስጥም ከውጭም በሦስት ድርብ አለበስኩት። ከዚያ በፊት እንዲህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ሞላነው። አንድ ቀን አደረ፣ ሁለት ቀን አደረ፤ ጠብ አላለም።

ያ የገና ሰሞን ነበር። አንድ ወር ከምናምን ያዘ። የኔታ በየቀኑ ይገባሉ። ለጥምቀት በሁለት ሰው ተደግፈው ከታቦቱ ኋላ ጥቂት መንገድ ተጓዙ። ሰው እየመጣ ጉልበታቸውን ይስማል። ፀደይ ነጭ ለብሳ ከኋላቸው ስትሄድ አየችኝና በእጇ ሰላም አለችኝ። እኔም ለጥቂት ቀን ያ ፋይበር ስንጥቁን እንዳሸነፈው አመንኩ።

በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት እንደገና ፈሰሰ። አሁን ከፋይበሩ ሥር ስለሚሄድ ከየት እንደሚወጣ እንኳ አይታይም። ውሃው ይጎድላል፣ መሬቱ ግን ደረቅ ነው።

«ታዲያ የት ነው የሚሄደው?» አለች ፀደይ።

የት እንደሚሄድ ያወቅሁት እትዬ ውባንቺ ቤት ስገባ ነው። እትዬ ውባንቺ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከየኔታ ግቢ አንድ የሰው ቁመት ዝቅ ብሎ ከዳገቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ የድሮ ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። የበር መቀርቀሪያ አስተካክልልኝ ብለው ጠሩኝ። ገብቼ በዳገቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ስነካው እጄ ሰመጠ። ድንጋዩ የተመረገበት ጭቃ እንደ ሊጥ ሆኗል። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው የገብስ ጎታ እስከ ወገቡ ሻግቶ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ» አሉ ቶሎ ብለው። «ቤቱ አርጅቶ ነው። አንተ በሩን ሥራልኝ።»

በማግስቱ ሄጄ ገንዳውን አንሥቼ ከሥሩ ሸራ አነጠፍኩ፤ በዳገቱ ጠርዝ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርኩ። ውሃው ግን አስቀድሞ ከአፈሩ ሥር ባለው ለስላሳ ድንጋይ ውስጥ መንገዱን ይዟል። ለፀደይ የነገርኳት «ትንሽ እርጥበት እትዬ ቤት ወርዷል፣ ቦዩ ያስተካክለዋል» ብዬ ብቻ ነው። እሷም ማመን ፈለገች።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተናደ። ጣራውም ተከተለው። እግዜር አወጣቸው፤ እትዬ ውባንቺ ገበያ ነበሩ። ስደርስ ከፍርስራሹ ዳር ቆመው፣ ከገበያ ያመጡትን ጨው በነጠላቸው ጫፍ እንደቋጠሩ ይመለከታሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ ድንጋይ ያነሣል። ከጎታው የፈሰሰው ገብስ ከጭቃው ጋር ተለውሷል።

የኔታ ካላሳያችሁኝ አሉ። በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። ፍርስራሹን አዩት፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ራሳቸው ግቢ አዩ።

«የኔ ውሃ ነው?» አሉ።

ፀደይ ዞራ አየችኝ።

«ምስጋኑ፣ አንተን ነው። የኔ ውሃ ነው?»

«አዎ የኔታ።»

«ኧረ ይተዉት የኔታ» አሉ እትዬ ውባንቺ። «የባለቤቴ አያት የሠሩት ቤት ነው። መውደቂያው ደርሶ ነው።»

«ውባንቺ፣ አትዋሺኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

እትዬ ውባንቺ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከኅዳር» አሉ ቀስ ብለው።

«አምስት ወር! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እዚያ ሲገቡ ሲያዜሙ እሰማለሁ የኔታ። በምን አፌ ልንገርዎ?»

የኔታ ፊታቸውን ለመሸፈን እጃቸውን ሊያነሡ ሞከሩ፤ ትከሻቸው አልታዘዘላቸውም። ፀደይ ጋቢውን ሳበችላቸው። ከጋቢው ውስጥ «ዛሬውኑ ድፉት» ሲሉ ሰማናቸው። «ከእንግዲህ ሙቅ ውሃ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር።»

መድፋትም አልተቻለም፤ ከደፋነው ወደዚያው ፍርስራሽ ነው የሚሄደው። እኔና ፀደይ በባልዲ እየቀዳን ከቤቱ ማዶ ወዳለው ገደል እናፈሰው ጀመር። ጠዋት የሞቀ ውሃ ነበር፣ ገና ለብ ይላል። ብዙ ተመላለስን። ግማሽ ሲቀረው ባልዲዋን አስቀመጠች።

«አባን እኔ አሳምናቸዋለሁ» አለች። «ሌላ ቦታ እንትከለው፣ በታች በኩል። አዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ ማጣበቂያ አይጠፋም። አንተ ብቻ ስሙን ንገረኝ።»

«የለም ፀደይ።»

«እንዴት የለም?»

«ይሄ ገንዳ አይጠገንም። ሥሩ ነው የተሰነጠቀው። የትም ብትተክዪው፣ በምንም ብትለጥፊው ይፈሳል። ሆቴሉም የጣለው ለዚያ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። አይቼው ነው።»

«መቼ?»

ልዋሽ እችል ነበር። በፋይበሩ ጊዜ ነው ብል ታምነኝ ነበር።

«የመጀመሪያው ቀን» አልኳት። «የኔታ በረንዳው ላይ ሆነው ይሠራል ወይ ሲሉኝ አንቺም ታዪኝ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ የደረቀውን እጇን።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለች፣ «ሣፋም ቢሆን እገዛላቸው ነበር። በርሜልም ቢሆን ለሁለት አስቆርጥላቸው ነበር። እሺ ይሉኝ ነበር። አሁን ግን ውሃ የሚባል ነገር አይቀበሉኝም።» ባልዲውን አነሣች። «የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሂድ።»

ሄድኩ። በማግስቱ መሣሪያዬን ልወስድ ስመለስ ከአጥሩ በር ውጭ ተደርድሮ አገኘሁት።

የእትዬ ውባንቺን ቤት እኔው መልሼ ላቆመው ቃል ገብቼ ድንጋዩን ለየሁ፣ እንጨቱን ቆለልኩ። አብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ ስለሆነ አዲስ ግድግዳ ያለ ፈቃድ አይነሣም አሉን የቅርስ ጥበቃ ሰዎች። ክረምት ገባ፤ ፈቃዱ አልመጣም። እትዬ ውባንቺ ኩልመስክ ወዳለች እህታቸው ሄዱ። ለስንብት የኔታ ዘንድ ገብተው ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲወጡ ግን መንገዱ ላይ አገኘኋቸውና «ይፍቱኝ እትዬ» ብያቸው ግንባሬን ሳሙኝ። ያ ነው ይበልጥ የጎዳኝ።

ፀደይ እንዳለችው ሆነ። የኔታ በሙቅ ውሃ የራሰ ፎጣ እንኳ እንዲነካቸው አልፈቀዱም። በነሐሴ ማንኪያ መያዝ ተዉ። በተከታዩ ዓመት ከአልጋ መውረድ ቀረ። ተማሪዎቻቸው እየመጡ አጠገባቸው ቆመው ያዜሙላቸዋል፤ ሲሳሳቱ በድምፅ ያርሙ ነበር፣ በኋላ ያም ቀረ። ፀደይ ሥራዋን ትታ ታጎርሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሞቱ። በቀብሩ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ገናዦቹ እጃቸውን አስተካክለው መገነዝ ቢያቅታቸው ተጨማድዶ እንደነበረ ገነዟቸው አሉ።

ፀደይን አንዳንዴ ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ሰላም ስላት ሰላም ትላለች። ቤቷ ቧንቧ ሲበላሽ የሚጠራው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሥራው ደግሞ ብዙም አያስተማምንም፤ ይህን አውቃለሁ፣ ሄጄ ልነግራት ግን አልችልም።