የኩኖ ድምፅ

የቀናሁባት ሴት ስለ ሙያዬ አንዲት ገጽ እንኳ አንብባ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ ለማቅረብ አይደለም፤ ቅናቴ የቱን ያህል መሠረት የለሽ እንደ ነበረ ከመነሻው እንዲታወቅ ነው።

ከሚሴ የደረስሁት በጥቅምት ወር ነበር። በአዲስ አበባ አራት ዓመት የንግግር ሕክምና ተምሬ ተመረቅሁ፤ በተመደብሁበት ትምህርት ቤትም ሙያውን ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ሆንሁ። ርእሰ መምህሩ አቶ ሙሐመድዘይን የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል አስጠርገው ሰጡኝ። መስተዋቴን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ፤ የሥዕል ካርዶቼን በፊደል ተራ ደረደርሁ፤ በሩ ላይ «የንግግር ሕክምና ክፍል» የሚል ጽሑፍ ለጠፍሁ። በሳምንቱ ከተማው ሌላ ስም አወጣልኝ፤ «የምላስ ሐኪሙ» ተባልሁ። አንድ የባጃጅ ነጂማ መንገድ ዳር አቁሞ ምላሱን አወጣና «እስቲ እየው፣ ይኼ ምን ጎደለው?» አለኝ። አልሣቅሁም። ሙያ የሚከበረው ባለሙያው ሲያከብረው ነው ብዬ አምን ነበር።

በስም ዝርዝሬ አናት ላይ የሰፈረችው ኢልሃም የምትባል የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ነው። «ከ» ማለት አትችልም፤ በቦታው «ተ» ትላለች። ካልሲን «ታልሲ»፣ ከተማዋን «ተሚሴ» ትላለች። የክፍሏ ልጆች ይህን ከሰሙ ጀምሮ «ተሚሴ» የእሷ መጠሪያ ሆነ። እሷም ክፍል ውስጥ ድምጿን አውጥታ ማንበብ ተወች።

አባቷ ቃሲም የፍየል ነጋዴ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከባቲ ገበያ በተመለሰ ማግስት፣ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ክፍሌ ገባ።

«አካም ጅርታ፣ ሐኪም?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልበልህና ልሂድ። ይህች ልጅ በሰኔ የንባብ ፈተና ላይ ድምጿን አውጥታ ካነበበች ትማራለች። ካላነበበች ግን፣ ወላሂ፣ ሌላ ዓመት የሰው ልጅ መሣቂያ አላደርጋትም። ጨፋ ሮቢት አክስቷ ዘንድ ትቀመጣለች።»

«በሰኔ ታነባለች» አልሁት።

«ኢንሻ አላህ በል እንጂ፣ አንተ ሰው!»

«ኢንሻ አላህ።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰኔ የእኔም ፈተና ሆነ።

በሳምንት ሦስት ቀን ኢልሃምን መስተዋቱ ፊት አስቀምጬ የምላሷን ጫፍ በንጹሕ እንጨት በቀስታ እጫንና «ከ» እላለሁ። እሷም «ተ» ትላለች። ካርዶቹን እደረድራለሁ፤ ከበሮ፣ ካልሲ፣ ኪስ። «ተበሮ፣ ታልሲ፣ ቲስ።» አንድም ቀን አልተቈጣሁም፤ አንድም ቀን ሰዓት አላዛነፍሁም። በጥር ወር በጻፍሁት ሪፖርት ላይ «የ‹ከ› ድምፅ በልጅቱ አንደበት ፈጽሞ የለም» ብዬ አሰፈርሁ። ከሥሩም ፈረምሁ።

በየካቲት አጋማሽ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ በአንደኛ ክፍል መስኮት አጠገብ ሳልፍ የልጅ ሣቅ ሰማሁ። የማን ሣቅ እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም፤ ኢልሃም ስትሥቅ ሰምቼ አላውቅምና።

የክፍሉ ኀላፊ መምህርት ዙቤይዳ ሰሌዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከሚሴ ተወልዳ ያደገች፣ ዐርባ ዓመት ያለፋት፣ ድምጿ ከግቢው ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ኢልሃም ከፊቷ ተንበርክካለች። ዙቤይዳ የለስላሳ ቆርኪ በአንዱ መዳፏ ደብቃ ሁለቱንም ጭብጦቿን ትዘረጋና በኦሮምኛ «ኤሳ?» ትላለች፤ የት አለ ማለቷ ነው። ልጅቱም አንዱን ጭብጥ መታ አድርጋ ትጮኻለች፦

«ኩኖ!»

ይኸውና ማለቷ ነው። ጥርት ያለ፣ ከጉሮሮ የተነሣ፣ እንከን የሌለው «ኩ»። አምስት ጊዜ አለችው። ስቈጥር ነበር።

«ዶክተር!» አለች ዙቤይዳ አንገቷን ወደ መስኮቱ መልሳ። «ምን ያቆምሃል? ና ግባ፣ አንተም ቆርኪ ፈልግ!»

«መምህርት ዙቤይዳ፣ ይህን ድምፅ ማውጣት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«የቱን ድምፅ?»

«አሁን ያለችውን። ‹ኩኖ› ያለችውን።»

«እሱንማ ዱሮም ትለዋለች! ቤቷ የሚወራው በኦሮምኛ አይደል እንዴ? ‹ኩኖ› ሳይባል በየት አገር ይዋላል? አንተ በኦሮምኛ ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ጠይቄያት አላውቅም። ያመጣሁት የመፈተኛ ቅጽ በአማርኛ የታተመ ነበር፤ እኔም ልጅቱን ሳይሆን ቅጹን ታዘዝሁ። በቅጹ ካሉት ሃምሳ ሥዕሎች ውስጥ በ«ኩ» የሚጀምር አንድም አልነበረም።

«ከ‹ኩኖ› ተነሥተን ኩባያ ደርሰናል» አለች ዙቤይዳ ቀሚሷን እያራገፈች። «ከኩባያ ኮፍያ። ‹ካ› ላይ ነው ገና የምትደናቀፈው፤ እሱም ይመጣል።»

የምላስ ጀርባ ለ«ኩ» እና ለ«ኮ» ከሁሉ ቀሎ እንደሚነሣ፣ ስለዚህም ከእነርሱ መጀመር እንደሚበጅ፣ በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤያለሁ። ተፈትኜበት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ይህች ሴት ያንኑ ምዕራፍ መሬት ላይ ተቀምጣ በቆርኪ ትጫወተው ነበር።

ደግ ሰው በዚህ ደስ ይለው ነበር። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደብዳቤ ጻፍሁ። «ያልሠለጠነ ሰው በሕክምና ላይ ያለችን ተማሪ ልምምድ ማስደረጉ ውጤቱን የሚያዛባ ስለ ሆነ፣ እስከ ፈተናው ፍጻሜ ድረስ ማንም ሰው በዚህ ረገድ ጣልቃ እንዳይገባ» እያልሁ አንድ ገጽ ሞላሁ። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ እጄን ያንቀሳቀሰው ነገር ነበር።

አቶ ሙሐመድዘይን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ወንድማገኝ፣ አልገባኝም። ልጅቱ ተናገረች ነው የምትለኝ ወይስ አልተናገረችም?»

«ጉዳዩ የአሠራር ጉዳይ ነው፣ ጋሼ።»

«አሠራር ካልህ እንግዲህ…» አሉና መሩበት።

ከዚያ በኋላ ኢልሃም የእኔ ብቻ ሆነች። ከሱቅ ለስላሳ ገዝቼ ቆርኪውን ኪሴ ከተትሁ። በማግስቱ ጭብጦቼን ዘርግቼ «ኤሳ?» አልኋት። ቃሉ በአዲስ አበባ አፌ እንጨት እንጨት አለ። ልጅቱ ጭብጦቼን አየች፤ ከዚያም በሩን አየች። ዝም አለች። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ዝም አለች። በሚያዝያ «ተ» ማለትም ተወች። የካቲት ላይ ቢያንስ የሚታረም ስሕተት ነበረኝ፤ አሁን ዝምታ ብቻ ቀረኝ።

ዙቤይዳ አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ በር ላይ መንገዴን ዘጋችው።

«ቆርኪ ትለቅማለህ አሉ። ስንት ደረሰልህ?»

«እባክዎ፣ መምህርት፣ ልለፍ።»

«ደግሞ ‹እባክዎ›! ጨዋታው ያንተ ይሁን፣ ወስደኸዋል፣ ሐላል ይሁንልህ። ልጅቱ ግን ቆርኪ አይደለችም። ኪስ ውስጥ አትገባም።»

መልስ ነበረኝ፤ ሥርዐት ያለው፣ ከደብዳቤዬ ጋር የሚስማማ መልስ። ማታ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ተኛሁ።

የሰኔው ፈተና ቀን መጣ። ርእሰ መምህሩ፣ ሁለት ፈታኝ መምህራንና እኔ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ቃሲም በረንዳው ላይ ቆሟል። ዙቤይዳ በደብዳቤዬ ምክንያት እንዳትገባ ተነግሯት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ ነጠላዋ ይታየኛል።

ኢልሃም ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ምንባቡ ስምንት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ካሳ ኮፍያ አለው» ይላል።

«አንብቢ፣ ልጄ» አሉ አቶ ሙሐመድዘይን።

ዝም።

«አይዞሽ። ቀስ ብለሽ።»

ዝም። ከፈታኞቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ በአእምሮዬ አለፈ፤ አላሳምረውም፣ እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ ካላነበበች ዙቤይዳም አላሸነፈችኝም። ሐሳቡ አሳረፈኝ። ከማረፌ የተነሣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥሁ።

ፈታኙ ቅጹ ላይ ለመጻፍ እስክሪብቶውን አነሣ። በረንዳው ላይ ቃሲም ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቱ ሳሉን ሰምታ ዐይኗን ጨፈነች፤ ከዚህ ክፍል ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ እሷም ታውቅ ኖሯል።

«ይቆዩ» አልሁ። መቆሜንም ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው። «ደብዳቤዬ ስሕተት ነበር። መምህርት ዙቤይዳ ይጠሩ።»

«አሁን?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«አሁን።»

«አሠራሩስ?»

«አሠራሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ዙቤይዳ ገባች። ወደ እኔ አላየችም። ኢልሃም አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረችና፣ የፈታኞቹን ፈቃድ እንኳ ሳትጠይቅ፣ እንደ ደካማ ተማሪ እየጎተተች ማንበብ ጀመረች፦

«ታ…ሳ…»

ኢልሃም ዐይኗን ገለጠች።

«ታሳ… ቶፍያ…» ቀጠለች ዙቤይዳ፣ ግንባሯን አኮማትራ።

«አይደለም!» አለች ልጅቱ።

«ነው እንጂ! ይኸው፣ ታሳ ይላል።»

«አይደለም፣ ቲቸር! ካሳ ነው! ካሳ ኮፍያ አለው!»

በየካቲት ያደናቅፋት የነበረው «ካ» መጥቷል፤ እኔ ፊት ዝም ባለችባቸው ወራት ቤቷ ስትለማመደው ኖራ መሆን አለበት። ዙቤይዳ ጣቷን ወደ ሁለተኛው መስመር አሳለፈች፤ ኢልሃምም መምህሯ ዳግም እንዳታበላሽባት ተሽቀዳድማ አነበበች። ሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ «ተ» አመለጣት፤ ራሷ መልሳ አረመችው። ስምንቱንም መስመር ጨረሰች።

ደስታ እንዲሰማኝ ጠበቅሁ። ዘገየ። በቦታው ያስተዋልሁት ልጅቱ ከአምስተኛው መስመር ጀምሮ የዙቤይዳን ትከሻ ተደግፋ ማንበቧን ነው። በእኔ ክፍል ስምንት ወር ስትቀመጥ ከወንበሩ በቀር የተደገፈችው ነገር አልነበረም።

ቃሲም ገብቶ ከዙቤይዳ ጋር በኦሮምኛ ረጅም ንግግር ተነጋገረ። ሁለቱም መጀመሪያ ሣቁ፤ ኋላ እሱ ዐይኑን በፎጣው ጠረገ። ወደ እኔ ሲዞር «አንተም ለፍተሃል፣ አላህ ይስጥህ» አለኝና ልጁን ይዞ ወጣ።

«ምን አለሽ?» ብዬ ዙቤይዳን ጠየቅኋት። አንቱታውን ትቼ እንደ ነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

«ልተርጉምልህ?»

«ይቅር» አልኋት።

በመስከረም ቃሲም ኢልሃምን ሁለተኛ ክፍል አስመዘገበ፤ በንግግር ሕክምናው ዝርዝር ላይ ግን ስሟ እንዳይገባ ጠየቀ።